ሰባት ቤት ያልሞሉ ዓሦች

እናቴ ዓሣ ገደለች ብል ቆቦ ውስጥ የሚያምነኝ የለም። የጎረቤት ዶሮ ሲጠማው የምታዝን፣ ለማታውቀው ሰው ለቅሶ ዋጃ ድረስ የምትሄድ ሴት ናት። ግን ገድላለች። ያውም በክፋት ሳይሆን ለጽድቅ ብላ ነው፤ ስለዚህም እስከ ዛሬ አልተጸጸተችበትም። በክፋት ብታደርገው ይሻለኝ ነበር። ክፉ ሰው አንድ ቀን ይደክመዋል።

ዓሦቹን ያመጣልኝ ሊያገባኝ የነበረው ሰው ነው። የሮቢት ልጅ ነው፤ ከቆቦ ደሴ ሚኒባስ ይነዳል። ዋናው አስፋልት ዳር ካለችው ፀጉር ቤቴ ፊት ለፊት ቆሞ ሰው ሲጭን ነው የተዋወቅነው። ጥሩምባው የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ሥር የተቀመጡ ደንበኞቼን እያስደነገጠ ስላስቸገረኝ አንድ ቀን ወጥቼ ሰደብኩት። ስድቤን ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰማና፣ "ጨረስሽ? እንግዲያው ነገም መጥቼ እነፋልሻለሁ" አለኝ። በማግስቱ መጥቶ ነፋ። እንዲህ ያለ ሰው አይጠላም።

ከደሴ ሲመለስ አንድ ቀን ትንሽ የመስታወት አኳሪየም፣ ውሃ ውስጥ አየር የምትነፋ ትንሽ ሞተርና ውሃ ባለው ላስቲክ የታሰሩ ሁለት ዓሦች ይዞልኝ መጣ። ደንበኛ ተራ ሲጠብቅ እንዳይሰለቸው ብሎ ነው። አውራ ጣት የሚያህሉ፣ ግራጫ ገላቸው ላይ ጥቁር መስመር የተሰመረባቸው ናቸው። ሴቷ ሆዷ ላይ ብርቱካን ቀለም ጣል አድርጎባታል። ዘራቸው ሲክሊድ ይባላል ብሎታል ሻጩ፤ እኛ ባለመስመሮቹ አልናቸው። "ከአንድ እናት የወጡ ናቸው፣ አብረው ስላደጉ አይጣሉም ብሎኛል" አለኝ። ያን ጊዜ ነገሩ በዚህ ጆሮዬ ገብቶ በዚያ ወጣ።

የቆቦን ውሃ ደንበኞቼ ይረግሙታል። ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት ይጥላል፣ ፀጉር እንደ ቃጫ ያደርጋል። ባለመስመሮቹ ግን ወደዱት። ሙቀታችንንም ወደዱት። ያስቸገረን መብራት ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ሞተሯ ትቆማለች፣ ዓሦቹም ውሃው አናት ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። ያኔ ካስክ ሥር የተቀመጠችው ሁሉ መብራት ስለሌለ ሥራ ፈት ናትና፣ ተራ በተራ በኩባያ ውሃውን እየቀዳች መልሳ ታፈሳለች። ግማሽ ጭንቅላቷ የተሠራ ሙሽራ ሳትቀር ቀድታላቸዋለች።

በዚያው ሰሞን ሽማግሌ ላከ። እናቴ ደስ አላት። አባቴ ገና ልጅ ሳለሁ ስለሞተ፣ ብቻዋን አሳድጋኝ ለወግ ማዕረግ ስበቃ ማየት ብቸኛ ምኞቷ ነበር። የቀረው ቤት መቁጠር ብቻ ነው። በእኛ ወገን እስከ ሰባት ቤት ድረስ የተዛመደ አይጋባም፤ የሚቆጥሩት ደግሞ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ያርሳሉ። የሰው ዘር መቁጠር ይወዳሉ። እሳቸው ፊት ሁለት ሰው ተዋዶ ከቆመ መጀመሪያ የሚታያቸው ፍቅሩ አይደለም፣ የት ላይ እንደሚገናኙ ነው።

ሁለት እፍኝ የማሽላ ፍሬ አስቀረቡ። በእኔ በኩል እሳቸው፣ በእሱ በኩል የሮቢቱ ሽማግሌ፣ ለእያንዳንዱ ትውልድ አንድ ፍሬ እየጣሉ ወደ ላይ ወጡ። አምስተኛው ላይ እናቴ መሳቅ ጀምራ ነበር። ስድስተኛው ላይ ሁለቱም ሽማግሌዎች ፍሬ መጣል እኩል አቆሙ። የሁለታችንን ዘር የምታገናኝ አንዲት ሴት ተገኘች። ስሟን የሚያውቅ የለም፤ "የዚያ ሰውዬ እህት" ብቻ ናት። ከእኛ ወገን ወደ ሮቢት ተድራ ወልዳ ሞታለች፤ ስሟ ጠፍቶ እኔን ለመከልከል ብቻ ቀርታለች።

"አንድ ቤት ጎደለ" አሉ አጎቴ፣ ፍሬውን ወደ እፍኛቸው እየመለሱ።

የሮቢቱ ሽማግሌ በስድስት የተጋቡ እንደሚያውቁ ተናገሩ፣ ለመኑ፣ ቄስ ይጠየቅ አሉ። አጎቴ ንቅንቅ አላሉም። እናቴ ደግሞ ወንድሟ ያሉትን አትሽርም። ተጣልተን፣ ለምኜ፣ አልቅሼ ሁሉ አየሁ። "ያለ እኔ ፈቃድ ብትሄጂ ማቅ ለብሼ ደጅሽ እቀመጣለሁ" አለችኝ። ከሌላ እናት ቢሆን ዛቻ ነው፤ ከእሷ ግን ቀጠሮ ነው። ታደርገዋለች።

እሱ ነገሩን በግልጽ አስቀመጠልኝ። ዐቢይ ጾም ሳይገባ እናቴ እሺ ካለች ሠርግ እንደግሳለን፤ እምቢ ካለች ወልድያ ሄደን እንፈራረማለን፤ ያም ካልሆነ ቤተሰቡ የመረጠለትን ያገባል። "እስከ ጾሙ" አለ። ጾም ከገባ ሠርግ እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። እኔ ደግሞ የእናቴን እሺታ ሳልይዝ ከቤት መውጣት አልሆን አለኝ። ብልሃት መፈለግ ነበረብኝ።

ብልሃቱን የሰጡኝ ባለመስመሮቹ ናቸው። እናቴ መጀመሪያ ስታያቸው፣ "ዓሣ በመረቅ እንጂ በመስታወት አላውቅም" ብላ አሾፈች። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ግን የሴቷ ሆድ ደመቀ፣ ወንዱም ጠጠሩን በአፉ እየዛቀ ጥግ ላይ ጉድጓድ ይምስ ጀመር። እናቴ ገርሟት የሰባራ ድስቷን ገል አጥባ አምጥታ ደፋችላቸው። በሳምንቱ ገሉ ውስጥ ጤፍ የሚመስል እንቁላል ተለጥፎ አገኘን። ከዚያ በኋላ እናቴን ከፀጉር ቤቴ ማስወጣት አልተቻለም። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ትመጣለች፣ ወንበሯን ታስጠጋለች፣ ትውላለች።

ሴቷ ሌት ተቀን እንቁላሉን በክንፏ ታራግባለች። ወንዱ ዙሪያውን ይጠብቃል፤ የእኔን ጣት እንኳ በመስታወት በኩል ሲያይ ሊናከስ ይንደረደራል። ልጆቹ ተፈልፍለው እንደ ብናኝ መዋኘት ሲጀምሩ ደግሞ አባትና እናት በግራና በቀኝ ሆነው ያወጧቸዋል፣ ወደ ኋላ የቀረውን በአፋቸው ለቅመው ከወንድሞቹ ይቀላቅሉታል። እናቴ የተቀቀለ እንቁላል አስኳል በጣቷ አድቅቃ ታበላቸዋለች። ከውሃ በርሜሉ የትንኝ ትል በሻይ ማጥለያ ታጠልላቸዋለች። ለሚገባው ደንበኛ ሁሉ፣ "ባል ማለት ይኼ ነው! ውሃ ውስጥ ሆኖ እንኳ ቤቱን አይለቅም" ትላለች። ይህን ስትል አባቴ ትዝ ይላታል መሰለኝ። እኔም ሆዴ ይባባል፤ ግን እንዲህ ስትወዳቸው እያየሁ ልቤ ሌላ ነገር ያሰላል። ይበልጥ ትውደዳቸው ብዬ ጠበቅሁ። ጥር ሲጋመስ በቃት አልኩ።

አስኳል እያደቀቀችላቸው ነበር።

"እማዬ፣ ይኼ ትዳር ደስ አለሽ?"

"እንዴት አይለኝ! እግዜር ያጣመረው እኮ ነው።"

"እህትና ወንድም ናቸው።"

እጇ ውሃው ላይ ቆመ። "ምን አልሽ?"

"ከአንድ እናት የወጡ ናቸው። ስድስት ቤት አይደለም፣ አንድ ቤት እንኳ የላቸውም። ይኸው ተጋብተው፣ ወልደው፣ አንቺም እየመረቅሻቸው ነው። ምን ሆኑ?"

"እንስሳ ናቸው" ትለኛለች ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ጣቷን በነጠላዋ ጠርጋ ወንበሯን ከመስታወቱ አራቀችና ከሩቅ ታያቸው ጀመር።

ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ ዋለች። አልተቆጣችኝም፣ ነገሩንም አላነሳችብኝም። ቤትም ስንገባ እራቴን ታቀርባለች፣ ታስባለች፣ ትተኛለች። አጠገቤ ጨርቅ የምትሸጠው ሙስሊም ጎረቤቴ የነገሩን ሁሉ ምስጢር ታውቃለች፤ ዓሦቹ እህትና ወንድም መሆናቸውን ስነግራት "ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ!" ብላ ሆዷን ይዛ ስቃለች። የእናቴን ዝምታ ስነግራት ደግሞ፣ "አብሽሪ፣ ካልደፈረሰ አይጠራም። ልቧ እየተመለሰ ነው ኢንሻአላህ" አለችኝ። እኔም እንደዚያው መሰለኝ። አንድ ማታ እናቴ ራሷ፣ "ያ ልጅ ዓሦቹን ደሴ የት ነው የገዛቸው?" ብላ ስትጠይቀኝ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ስለ እሱ ልትጠይቀኝ ፈልጋ በዓሣ የጀመረች መሰለኝ። ሱቁን፣ መታጠፊያውን፣ ሁሉን አስረድቼ ነገርኳት።

ከጥቂት ቀን በኋላ እሱ ሮቢት ላይ ልየሽ አለኝ። እናቴን ዕቃ ልገዛ ነው ብላት፣ "ሂጂ፣ እኔ ቤቱን እጠብቃለሁ" አለች። ፀጉር ቤቴን ጠብቃልኝ አታውቅም። ጉንጯን ሳምኳት።

ሮቢት ጁስ ቤት ተቀምጠን ሁሉንም ነገርኩት፤ ዝምታዋን፣ ጥያቄዋን። ከልቡ ሳቀ። ድንኳኑ የት እንደሚተከል፣ ከወዲህ ማን እንደሚሄድ፣ ከወዲያ ማን እንደሚመጣ አወራ። ሚኒባሱን በምን እንደሚያሸበርቅ ሳይቀር ነገረኝ። ያን ከሰዓት ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም። ለእናቴ ማንጎ ገዝቶ አስያዘኝ።

ስመለስ አጎቴ ካስኩ ሥር ካለው ወንበር ላይ ተቀምጠው ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ሻይ ይጠጣሉ። የጫማቸው አቧራ የመንገድ አቧራ ነው። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ መስታወቱ ፊት ቆማለች። ውሃው ደፍርሷል። ውስጡ ከግድግዳ ግድግዳ የሚመላለስ፣ ከቀድሞው ወንድ የሚተልቅ ጥቁር ባለመስመር አለ። ሴቷ ሞተሯ ጀርባ ተሸጉጣለች፤ ክንፏ ተተልትሏል፣ አንድ ዓይኗ የለም። ብናኝ የሚያህሉት ልጆች አንዳቸውም አይታዩም።

"ልጆቹስ?" አልኩ።

"በላቸው" አሉ አጎቴ፣ ዝናብ ዘነበ እንደሚል ሰው።

"ባሏስ?"

"ባሏ አትበይ" አለች እናቴ ሳትዞር። "ወንድሟ ነው። ቦዩ ውስጥ ለቀቅነው፣ እዚያ ይኖራል።"

አስፋልቱ ዳር ያለው ቦይ የእኔው የሻምፖ አረፋ የሚፈስበት ነው። ሮጬ ወጣሁ። አረፋው ጠርዝ ላይ በጎኑ ተኝቷል፤ ጉንዳን ዓይኑ ላይ ደርሶ ነበር።

የሆነውን የነገረችኝ ጎረቤቴ ናት፤ ከሱቋ በር ላይ ሆና ሁሉን አይታለች። አጎቴ ደሴ ድረስ ሄደው "ዘመድ ያልሆነ" ወንድ ገዝተው፣ በአውቶቡስ ጭናቸው ላይ አቅፈው አመጡት። እናቴ የቀድሞውን በሻይ ማጥለያ አወጣችና አዲሱን ከተተች። ለልጆቹም የእንጀራ አባት ይሆናቸዋል ብላ ነበር። አዲሱ ወንድ ግን ገና ላስቲኩ ሲፈታ ወደ ልጆቹ ነው የሄደው። ሴቷ ተናነቀችው፣ ነከሰችው፣ የቀሩትን በአፏ ሰብስባ ገሉ ሥር ወሰደች፤ ተከትሏት ከዚያም አስተፋት። "እናትሽ መስታወቱን እየደበደበች 'ተው! ያንተው ይሆናሉ፣ ተው!' ስትለው፣ ወላሂ እኔ ፊቴን አዞርኩ" አለችኝ ጎረቤቴ።

ሴቷን በኩባያ አውጥቼ ከነገሏ ባልዲ ውስጥ አስገባኋት። አንድ ዓይኗን ወደ ገሉ አዞረችና በዚያ በተተለተለ ክንፏ ባዶውን ገል ታራግብ ጀመር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተች። እናቴ አጠገቤ ተንበርክካ የእውነት አለቀሰች። እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች፣ ባልዲውን እንደገና አየች፣ ከዚያ ትከሻዬን ያዘችና በለሰለሰ ድምፅ፣

"አየሽ ልጄ?" አለችኝ። "ዘመድ ከዘመድ የወለደው አይባረክም። አንድ እንኳ አልተረፈም።"

"እማዬ! እናንተ ናችሁ የገደላችኋቸው!"

"እኛ ምክንያት ነን እንጂ" አሉ አጎቴ ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ "ፈራጁ ሌላ ነው።"

የት እንደገዙት ጠየቅኋቸው። እኔ ለእናቴ ከነመታጠፊያው ያስረዳኋት ሱቅ ነው። ወዲያው ለእሱ፣ ለባለ ሚኒባሱ ደወልኩ። ሲገዛ ባለሱቁ እንደነገረው፣ እዚያ ያሉት ባለመስመሮች በሙሉ ከአንዲት እናት እንደሆኑ፣ ሌላ ዘር ኖሮት እንደማያውቅ ነገረኝ። ስለዚህ አጎቴ አንዱን ወንድሟን ቦይ ጥለው ሌላውን ወንድሟን ነው ያጋቧት። ይህንን ጮክ ብዬ ነገርኳቸው። አጎቴ፣ "ዘመድ ነው ወይ ብዬ ጠይቄዋለሁ፣ አይደለም ብሎኛል" አሉ። እናቴም፣ "አጎትሽ ጠይቄዋለሁ አሉሽ እኮ" አለች። በቃ። እኔን ስድስት ቤት ድረስ ፈልፍለው የከለከሉትን ሰው፣ ዕቃውን ሊሸጥ የቸኮለ ነጋዴ በአንድ ቃል አሳመናቸው።

እሱ በስልክ፣ "እንግዲህ እናትሽ መልሷን ሰጠች። ነገ ጠዋት መታወቂያሽን ይዘሽ ውጪ፣ ወልድያ እንሄዳለን" አለኝ። ቦርሳዬን አዘጋጀሁ። ጠዋት ልወጣ ስል እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ማቅ አልለበሰችም፣ አልጮኸችም። "በጠባሽው ጡቴ ይዤሻለሁ" አለች፤ ይህንኑ ብቻ። ጥሩምባው አስፋልቱ ላይ ይሰማኛል። ይነፋል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይነፋል። ያን ጊዜ እናቴን እንደ ጠላሁ ማንንም ጠልቼ አላውቅም፤ ግን ተራምጃት ልወጣ እግሬ አልታዘዘኝም። ጥሩምባው ቆመ። መኪናው ማርሽ ሲቀይር ሰማሁ።

ያገባው ከአላማጣ ወዲያ የመጣች ልጅ ነው። ወገኗን የሚያውቅ ሰው እዚህ ስላልተገኘ የሚቆጥር ጠፋና ሰባት ሞልቷል ተባለ። ሠርጋቸው ጾሙ ሊገባ ሲል፣ በመጨረሻው እሑድ ነበር። የአጃቢዎቹ መኪኖች በአስፋልቱ በፀጉር ቤቴ ፊት አለፉ። ሁሉም ይነፋሉ፤ የእሱን ጥሩምባ ግን ከሁሉም መሃል ለይቼ አወቅሁት። እጄ ላይ ፀጉሯን በቢጉዲን የጠቀለልኩላት ደንበኛ ነበረች፤ አንገቷን ልታዞር ስትል ጭንቅላቷን ይዤ መለስኳት። እናቴ ተነሥታ መጋረጃውን ዘጋችልኝ። ያዘነችልኝ መስሎኝ ነበር።

ተመልሳ መስታወቱ ፊት ተቀመጠች። ያን ጥቁሩን ዓሣ እሷው ናት የምትቀልበው። ወፍሯል፤ ጥላዋን ሲያይ አፉን ከፍቶ ይመጣል። ከበርሜሉ ያጠለለችውን የትንኝ ትል አራገፈችለትና እስኪጨርስ ድረስ አገጯን በእጇ ይዛ አየችው።

"ምስኪን" አለች። "ብቻውን ቀረ እኮ። ኧረ ሚስት ፈልጊለት፤ ፍጡር እንዴት ብቻውን ይኖራል?" ትንሽ አሰበችና ጨመረችበት። "ዘመዱ ያልሆነች።"

የሠርጉ ጥሩምባ ገና ከአስፋልቱ አልራቀም ነበር።